ሰንበት በሴንት አንድሩስ ሜዳ

የዓለም ጎልፍ ተጫዋች ሁሉ አንድ ቀን ልርገጠው ብሎ በሚመኘው ሜዳ ላይ እሁድ እሁድ ጎልፍ አይጫወቱም። በስኮትላንድ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ ሴንት አንድሩስ የምትባል ትንሽ የዩኒቨርሲቲ ከተማ አለች። ኦልድ ኮርስ የሚባለው ሜዳ ከከተማዋ ጠርዝ ይጀምርና ባሕሩን ተጠግቶ ይሄዳል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ተራ ለማግኘት ዕጣ ይወጣበታል። እሁድ ሲሆን ግን፣ ትልቅ ውድድር ካልገጠመው በቀር፣ ለሰው ሁሉ ክፍት ነው። ውሻውን ይዞ የሚወጣ አለ፣ ልጁን በጋሪ የሚገፋ አለ፣ ከዘራቸውን ይዘው ቀስ እያሉ የሚያዘግሙ አዛውንቶች አሉ። ትኬት አሳየኝ የሚል በረኛ የለም።

የጉዟችን የመጨረሻ ቀን የዋለው እንዲህ ባለው እሁድ ነው።

አራት ነን። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰፈር አደግን፤ ኋላ ተበታትነን አንዱ ለንደን፣ አንዱ ቨርጂኒያ፣ አንዱ ስቶክሆልም ኑሮውን መሠረተ፤ እኔ አዲስ አበባ ቀረሁ። የስቶክሆልሙ በዕድሜ ስለሚበልጠን ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። ጋሼ ልጅ ሳለ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ባለው የጎልፍ ሜዳ የተጫዋቾችን ቦርሳ እየተሸከመ ለደብተርና ለጫማ የሚሆን ሳንቲም ያገኝ ነበር። ዱላ አያያዝ የለመደው በማየት ነው። ተጫዋቾቹ ሲሄዱ፣ ሳይመሽ ባለችው ጥቂት ጊዜ፣ በተጣለ ዱላና ከሣር ውስጥ በለቀመው ኳስ ይለማመድ ነበር። እኛ ሦስታችን ጎልፍን ያወቅነው ጎልማሶች ከሆንን በኋላ ሲሆን ያስተማረንም እሱ ነው። ተጠራርተን የምንገናኝበት ሰበብ ስንፈልግ ይህን ጨዋታ የመረጥነው ለሌላ አይደለም። አራት ሰው አራት ሰዓት ሙሉ ጎን ለጎን እየተራመደ የሚጨዋወትበት ሌላ ስፖርት አላውቅም።

ቅዳሜ ዕጣው ወጥቶልን በኦልድ ኮርስ ላይ ተጫውተናል። መጫወት የሚፈልግ ሰው ከሁለት ቀን በፊት ስሙን ያስገባል፤ ከዚያ ዕጣው ይወጣል። ጎብኚ በበጋ ለአንድ ዙር የሚከፍለው ከ300 ፓውንድ በላይ በመሆኑ ለጉዞው ስንቆጥብ ከርመናል። የከተማው ነዋሪ ግን በዓመታዊ ትኬት እጅግ ባነሰ ዋጋ ይጫወታል። ያን ቀን ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ሳያቋርጥ ነፈሰ። ሰው ሲጫወት ደግሞ የሚያየው ኳሱን ነው። ኳሱ የት እንዳረፈ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚወስደው፣ ስንት ምት እንደቀረ። መሬቱን ያየነው በማግስቱ ነው።

እሁድ ጠዋት ባረፍንበት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ፣ የለንደኑ ጓደኛችን ከቤቱ ባመጣት ጀበና ቡና ተፈልቶ፣ የሳምንቱ ነጥብ ተደመረ። የምንቆጥረው ስቴብልፎርድ በሚባለው ዘዴ ነው። ፍራንክ ስቴብልፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ያወጣውና እ.ኤ.አ. በ1932 (ከአገራችን ዓመቶች በቀር እዚህ የምጠቅሳቸው ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዋላሲ በተባለው የእንግሊዝ ሜዳ ለውድድር የዋለ ዘዴ ነው። በየቀዳዳው አንድ ጥሩ ተጫዋች ሊጨርስበት ይገባል የሚባል የምት ብዛት አለ፤ ፓር ይባላል። በፓር የጨረሰ 2 ነጥብ ያገኛል፣ አንድ ምት የጨመረ 1፣ ከዚያም በላይ የጨመረ ምንም፤ ከፓር አንድ ያሳነሰ ደግሞ 3። በአንድ ቀዳዳ ላይ ክፉኛ የተበላሸበት ሰው ኳሱን አንስቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል እንጂ ቀኑን ሙሉ በዚያ ጥፋት ሲቀጣ አይውልም። ሐኪሙ ይህን ያሰበው ነፋስ በሚበዛበት የባሕር ዳር ሜዳ ላይ ተስፋ ለሚቆርጡ ተራ ተጫዋቾች ነው። ደግ ሐሳብ ነው እላለሁ።

ከነጥቡ በፊት ደግሞ ሀንዲካፕ አለ። ደካማው ተጫዋች እንደ ድክመቱ መጠን ከምቱ ላይ ይቀነስለታል። ሜዳው በድምሩ ፓር 72 ቢሆንና ሀንዲካፑ 20 የሆነ ሰው በ92 ምት ቢጨርስ 72 እንደመታ ይታሰብለታል። በዚህ ስሌት ጋሼና የቨርጂኒያው ጓደኛችን፣ አንዱ ከልጅነቱ የተካነበት ሌላው ትናንት የጀመረው፣ በአንድ ሚዛን ይወዳደራሉ። አባቶቻችን «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚሉት ሩሯን በዱላ ለመምታት ጌታና ሎሌ አንድ ሜዳ ላይ ስለሚገናኙ ነው። በገና ሜዳ ላይ ማዕረግ ለአንድ ቀን ይተዋል። ጎልፍ ያንኑ በሂሳብ አደረገው፤ ከሌሎች የኳስ ጨዋታዎች ሁሉ እኔ የማስበልጠው በዚህ ጠባዩ ነው።

ነጥቡ ተደምሮ ጋሼ አሸነፈ። ደንባችን አሸናፊው የመጨረሻውን ቀን ውሎ እንዲመርጥ ነው።

«እንግዲህ ዛሬ ዱላ አይነካም፤ ትናንት የሮጥንበትን ሜዳ በእግራችን ቀስ ብለን እናየዋለን» አለ።

«ጋሼ፣ ለመራመድ ነው ከአሜሪካ ድረስ የመጣሁት?» አለ የቨርጂኒያው።

«አዎ፣ ለመራመድ ነው። ጫማህን እሰር።»

የመጀመሪያውና የ18ኛው ቀዳዳ መስኮች አንድ ላይ ተንጣለው አንድ ሰፊ ሜዳ ሆነዋል። አጥርም ሆነ ዛፍ አይለያቸውም። በመሐላቸው የሕዝብ መንገድ ያልፋል፤ በጨዋታ ቀን ተጫዋቹ ዱላውን አንስቶ ሳለ እናት ከነልጆቿ አቋርጣ ወደ ባሕሩ ልትሄድ ትችላለች፤ እስክታልፍ ቆሞ የሚጠብቀው ተጫዋቹ ነው። ትንሽ አለፍ ሲሉ የስዊልከን ድልድይ ይገኛል። በቴሌቪዥን ሲታይ ትልቅ ይመስላል እንጂ በጥቂት እርምጃ የሚሻገሩት የድንጋይ ድልድይ ነው። የተሠራው ለእረኞች ነበር፤ ከብትና በግ ጅረቱን እንዲሻገርበት። በ2005 አሜሪካዊው ዝነኛ ተጫዋች ጃክ ኒክላውስ በ65 ዓመቱ ኦፕን የተባለውን የብሪታንያ ታላቅ የጎልፍ ውድድር ሲሰናበት ቆሞ እጁን ያውለበለበው እዚህ ላይ ነው። ታይገር ዉድስም በ2022፣ በ150ኛው ኦፕን፣ እያለቀሰ ተሻግሮታል። በዚያ እሁድ ድልድዩ ላይ ፎቶ ለመነሳት የተሰለፈው ሰው ብዙ ነበር፤ ከፊታችን የነበሩት አንድ ሽማግሌ ባልና ሚስት ድልድዩን ሲሻገሩ ተያይዘው ነበር።

ሜዳውን ከኋላ ወደ ፊት ስንሄድበት የ17ኛው ቀዳዳ ቀጠለ። ዳኛና ተመልካች እንደሚመሰክሩት በዓለም ጎልፍ ውስጥ እንደዚህ የተፈራ ቀዳዳ ጥቂት ነው። ከግሪኑ፣ ማለትም ቀዳዳው ካለበት በአጭሩ ከታጨደው ሣር፣ ጀርባ የተነጠፈ መንገድና የድንጋይ ግንብ አለ፤ ከፊቱ ደግሞ ጥልቅ የአሸዋ ጉድጓድ። በ1978 ጃፓናዊው ናካጂማ በሁለት ምት ግሪኑ ላይ ደርሶ፣ ኳሷን ወደ ቀዳዳው ሲያንከባልላት ተንሸራታ ወደዚያ ጉድጓድ ገባችበት፤ ለማውጣት ደጋግሞ መታ፤ ቀዳዳውን በ9 ምት ጨረሰ። ጓደኞቼ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ቆዩ። ትናንት የለንደኑ ጓደኛችን እዚሁ ገብቶ ነበር።

ባንከር የሚባሉት እነዚህ የአሸዋ ጉድጓዶች በኦልድ ኮርስ ላይ 112 ናቸው፤ ብዙዎቹ የራሳቸው ስም አላቸው። በ14ኛው ላይ ያለው ሲኦል ይባላል። በ1995 ታላቁ ኒክላውስ እዚያ ገብቶ ቀዳዳውን የጨረሰው በ10 ምት ነው። በ2000 ደግሞ የ24 ዓመቱ ታይገር ዉድስ አራቱን ቀን ሙሉ፣ 72 ቀዳዳ ሲጫወት፣ ከ112ቱ አንዱም ውስጥ ሳይገባ ከፓር 19 ምት አሳንሶ ኦፕንን አሸነፈ። ጉድጓዶቹን የሰው እጅ አልጀመራቸውም ይባላል፤ በጎች ከነፋሱ ለመሸሽ በተጠለሉበት ቦታ ሣሩ እየተላጠ አሸዋው ተገለጠ። መሬቱም ቢሆን የባሕር ስጦታ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ የተወው አሸዋ በነፋስ ተቆልሎ ኮረብታ ሆነ፤ ስስ ሣር በቀለበት። ለእርሻ አይሆንም፤ ለግጦሽና ለጨዋታ ግን ይሆናል። ውሃ ቶሎ ስለሚሰርግ ከዝናብ በኋላ ጭቃ አይይዝም። ጎልፍ በዚህ ዓይነቱ መሬት ላይ የተወለደው ገበሬ የማይፈልገው መሬት ስለነበረ ነው።

በ1457 የስኮትላንድ ፓርላማ፣ በንጉሥ ጀምስ ሁለተኛ ዘመን፣ ሰዉ ቀስት መለማመድ ትቶ በእግር ኳስና በጎልፍ ተጠመደ ብሎ ሁለቱንም በአዋጅ ከልክሎ ነበር። ክልከላው ጨዋታውን አላጠፋውም።

ከ11ኛው ግሪን በስተጀርባ የኤደን ወንዝ ከባሕር የሚቀላቀልበት ረግረግ ይታያል። እዚያ ተቀመጥን። ጋሼ የቦቢ ጆንስን ታሪክ ያወጋን እዚያ ነው። አሜሪካዊው ጆንስ በ1921 ገና የ19 ዓመት ወጣት ሳለ በዚሁ ቀዳዳ ባንከር ውስጥ ተይዞ፣ በንዴት ኳሱን አንስቶ ውድድሩን ተወ። በ1927 ተመልሶ ኦፕንን እዚሁ ሜዳ ላይ አሸነፈ፤ በ1930 ደግሞ የአማተሮቹን ዋንጫ። በ1958 በሕመም ሰውነቱ ሳይታዘዘው ሲመጣ ከተማዋ የክብር ነዋሪነት ሰጠችው። ከእሱ በፊት ይህን ክብር ያገኘ አሜሪካዊ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ብቻ ነበር፤ በ1759።

ከዚያ ሆነው ወደ ኋላ ሲያዩ የሜዳው አሠራር ይገለጣል። ጥንት ተጫዋቾች ወደ ዳር በሄዱበት መስመር ነበር የሚመለሱት፤ ሂያጅና ተመላሽ በአንድ ቀዳዳ ይገናኙ ነበር። ተጫዋቹ ሲበዛ ግሪኖቹን አስፍተው በአንዱ ላይ ሁለት ቀዳዳ ቆፈሩ። ዛሬም ሰባት ድርብ ግሪኖች አሉ፤ ሁለተኛው ከ16ኛው፣ ሦስተኛው ከ15ኛው፣ እንዲህ እያለ፣ በእያንዳንዱ ላይ ያሉት ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ 18 ይሆናሉ። 18 ራሱ የተወሰነው እዚህ ነው። ዙሩ 22 ቀዳዳ ነበረው፤ በ1764 በሜዳው መነሻ ያሉት አራት አጫጭር ቀዳዳዎች በሁለት ተጠቃለሉና፣ በመልሱም እንዲሁ ሆኖ፣ ዙሩ 18 ቀረ። ከቶኪዮ እስከ ኬፕታውን ያለው አብዛኛው ሜዳ የተከተለው ይህን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ መሬት የማን ነው?

በ1552 የሴንት አንድሩስ ሊቀ ጳጳስ ጆን ሀሚልተን ጥንቸል ለማርባት ፈቃድ ሲያገኝ፣ በምላሹ የከተማው ሕዝብ በዚያ መሬት ላይ ከብት የማሰማራት፣ ጎልፍና ኳስ የመጫወት መብት እንዳለው በጽሑፍ አጸና። ይህ ወረቀት ብዙ ነገር አዳነ። በ1797 ዕዳ የያዘው የከተማው ምክር ቤት መሬቱን ሸጠ። ጥቂት ቆይቶ ነጋዴዎች ጥንቸል ማርቢያ አደረጉት፤ ጥንቸሎቹም ሜዳውን እየቆፈሩ አበላሹት። ነዋሪው መብታችን ነው ብሎ ጥንቸሎቹን መግደል ጀመረ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ሙግቱና ጥሉ ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። በ1821 ጀምስ ቺፕ የተባለ የአካባቢው ባለርስት፣ ራሱም ጎልፍ ተጫዋች የነበረ፣ መሬቱን ገዝቶ ጥንቸሎቹን አስወጣ። በ1894 ደግሞ ከተማዋ በፓርላማ አዋጅ መሬቱን መልሳ የራሷ አደረገች። ከ1974 ጀምሮም በሌላ አዋጅ የተቋቋመ የአደራ ድርጅት ያስተዳድረዋል። ዛሬ በዚህ አደራ ሥር ሰባት የሕዝብ የጎልፍ ሜዳዎች አሉ፤ አንዱ ባለ 9 ቀዳዳ ሆኖ ለልጆችና ለጀማሪዎች የሚሆን ነው።

ከመጀመሪያው ቀዳዳ መነሻ ጀርባ የቆመው ግርማ ያለው ሕንፃ የዚህ አደራ አይደለም። እሱ የሮያል ኤንድ ኤንሸንት ክለብ ነው፤ በ1754 የተመሠረተ፣ የግል ማኅበር። የጨዋታውን ሕግ እስከ 2004 ድረስ ለብዙው ዓለም ሲያወጣ የነበረው ይህ ክለብ ሴቶችን በአባልነት ለመቀበል የወሰነው በ2014 ነው። 260 ዓመት ፈጀበት። በአንጻሩ ከሕንፃው ጥቂት ራቅ ብሎ፣ ሂማሊያ በሚሉት ጉብታ በጉብታ በሆነ መስክ ላይ፣ የከተማው ሴቶች የራሳቸውን ማኅበር በ1867 አቁመው ይጫወቱ ነበር፤ ዛሬም ማንም መንገደኛ ጥቂት ፓውንድ ከፍሎ ይጫወትበታል። ክለብና ሜዳ አንድ እንዳልሆኑ እዚያ ቆሞ ያየ ሰው ይገባዋል። ክለብ በሩን ይዘጋል፤ ሜዳው ግን የከተማው በመሆኑ ሊዘጋበት የሚችል አልተገኘም።

ከሰዓት በኋላ ከሜዳው ጎን ባለው ረጅም የባሕር ዳር አሸዋ ላይ ተራመድን። ዌስት ሳንድስ ይባላል። «ቻሪየትስ ኦፍ ፋየር» የተባለው የ1981 ፊልም ሯጮቹ በባዶ እግር ሲሮጡ የሚታዩበትን ትዕይንት የቀረጸው እዚህ ነው። ፊልሙ ከሚተርክላቸው ሁለት ሯጮች አንዱ ስኮትላንዳዊው ኤሪክ ሊደል ሲሆን፣ በ1924ቱ የፓሪስ ኦሎምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያ እሁድ ላይ በመዋሉ አልሮጥም ብሎ ቀረ፤ በ400 ሜትር ግን ወርቁን ወሰደ። ሰንበትን በማክበር ለኖረ አገር ሰው ይህ ታሪክ ማብራሪያ አያሻውም። የኦልድ ኮርስ የእሁድ ዕረፍትም ከዚሁ ከስኮትላንድ የሰንበት ልማድ የመጣ ነው። ሜዳውን ለአሥርት ዓመታት የጠበቀው ኦልድ ቶም ሞሪስ ለሣሩም ዕረፍት ያስፈልገዋል ብሎ ጸንቶበት እንደነበር ይነገራል።

ኦልድ ቶም የተቀበረው በከተማዋ ማዶ፣ በፈረሰው ካቴድራል ግቢ ነው። ኦፕንን አራት ጊዜ አሸንፏል። ከአጠገቡ ያረፈው ልጁ ቶሚም እንዲሁ አራት ጊዜ፤ ያውም በተከታታይ። በሴፕቴምበር 1875 አባትና ልጅ ከባሕሩ ማዶ ሲጫወቱ የቶሚ ሚስት በምጥ ተጨንቃለች የሚል ቴሌግራም ደረሰ። በጀልባ ተሻግረው ሲመጡ እናትም ሕፃንም አርፈው ነበር። ቶሚ በዚያው ዓመት በፈረንጆች ገና ዕለት በ24 ዓመቱ ሞተ፤ አባቱ ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖረ። 60 የጎልፍ ማኅበራት ገንዘብ አዋጥተው በቶሚ መቃብር ላይ ምስሉን ከነዱላው በድንጋይ አስቀርጸዋል። ጋሼ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ እኛም ዝም ብለን ቆምን።

በሰኔ በዚያ አገር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። እራት በልተን ስንወጣም ሜዳው ላይ ሰው ነበር። ልጆች ሲኦል ከተባለው ጉድጓድ አፋፍ እየዘለሉ አሸዋው ላይ ይወድቃሉ፤ የሚቆጣቸው አልነበረም። የለንደኑ ጓደኛችን ያነሳው ወሬ ስለ ጎልፍ አልነበረም። በሰፈራችን ኳስ ስለተራገጥንበት፣ በገና ጥንግ ስለመታንበት ሜዳ ነው። ያ ሜዳ ዛሬ የለም፤ ፎቅ ቆሞበታል። መቼ እንደተሰጠ፣ ለማን እንደተሰጠ ከሰፈሩ ሰው የተጠየቀ አልነበረም። አራታችንም አንድ ላይ የተጫወትንበት የመጀመሪያ ሜዳ እሱ ነበር።

ጃንሜዳን አሰብኩ። ጥምቀት የሚከበርበት፣ ጉግስና ገና የተጫወቱበት፣ አገር አቋራጭ ሯጮቻችን የተፎካከሩበት ሜዳ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛውሮ ነበር፤ ለጥምቀት 2013 ተጸድቶ ተመለሰ። ጃንሜዳ ታቦት ስለሚያድርበት ተሟጋች አላጣም። ስም የሌላቸው የየሰፈሩ ሜዳዎች ግን ማን አላቸው?

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ሴንት አንድሩስን ያዳነው ግን እንዲህ ያለ ጥቅል ቃል አይደለም፤ ይህች መሬት፣ ድንበሯ ከዚህ እስከዚህ፣ ለዚህ ከተማ ሕዝብ መጫወቻ ናት ብሎ በስም የጠራ ጽሑፍና በስሟ የወጣ አዋጅ ነው። ምክር ቤቱ ራሱ ሲሸጣት ሕዝቡ መብታችን ነው ብሎ ተሟግቶላታል። ለከተማ ምክር ቤቶቻችን የማቀርበው ጥያቄ ይኸው ነው። በየወረዳው የቀሩትን የጨዋታ ሜዳዎች በስምና በድንበር መዝግቡ፤ ነዋሪው ሳይጠየቅ ለሌላ ጥቅም እንዳይተላለፉም በደንብ አጽኑ። አንባቢዎችም በሰፈራችሁ የቀረ ሜዳ ካለ፣ ስሙንና ስፋቱን ዛሬ ጽፋችሁ፣ ከጎረቤት ጋር ፈርማችሁ ለወረዳው አስገቡ፤ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂም ከእጃችሁ አታውጡ።